በመምህር ደሴ በኩል

እንጅባራ ሳስተምር የፖስታ ሣጥኔ ሞልቶ ይፈስ ነበር። የዘንገና ሰው ራቅ ላለ ልጁ አድራሻ ሲሰጥ «በመምህር ደሴ በኩል» ነው የሚለው፤ ደብዳቤውን ቤቱ ድረስ ወስጄ የማነብለትም እኔው ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጀመሪያ ደብዳቤው ቀረ፤ ቀጥሎ የሰርግ ጥሪው። አሁን የሚመጣልኝ «በሕይወት መኖርዎን ያረጋግጡ» የሚል የጡረታ ወረቀት ብቻ ነው። ቢሆንም አርብ አርብ ቁልፌን ይዤ እሄዳለሁ።

ባለፈው አርብ ብከፍተው ደብዳቤ! «ለወይዘሮ አለምነሽ፣ በመምህር ደሴ በኩል» ይላል፤ ከልጃቸው ከበላይ ነው። ወዲያው ባጃጅ ይዤ ዘንገና ሄድኩ። እትዬ አለምነሽ በርጩማ አወጡልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። «ላሟ የወለደች እንደሆነ» ስል፣ «ጥጃውን እንዳትሸጪው» ብለው እሳቸው ጨረሱት። «እንዴት አወቁ?» ከማለቴ ከጉያቸው ስልክ ጮኸ።

«በላይ፣ አሁን አታውራኝ» አሉት። «ጻፍ ያልኩህ ደርሷል፤ መምህር እያነበቡልኝ ነው። ማታ እንደ ሁልጊዜው ደውል።» ዘጉበት።

ከወር በፊት ገበያ ላይ «ሣጥኔ ባዶውን ቀረ» ብዬ ለእሳቸው ማማረሬ ትዝ አለኝ። አፈርኩ፤ ትንሽ ተናደድኩም። ወረቀቱን አጥፌ ልነሳ ስል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ጠጋ ብለው ተቀመጡና «የት ላይ ነበር ያቆሙት?» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።