ፍሬኑ ሥር የገባው ከዘራ

የምስክር ቃል

ስም፦ አቶ አንለይ ማረው
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ከተማ አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ትዕዛዙ ይርዳው

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ትናንት ረፋድ ላይ ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት ዳር ወ/ሮ ደብሬ ለሽያጭ የደረደሯቸውን እንስራዎችና ማሰሮዎች የሰባበረችውን ፒካፕ መኪና ማን ይነዳ እንደነበር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። ልጄ አይናለም አንለይ እኔ ነኝ ብላ ትናንት በዚሁ ጣቢያ የሰጠችው ቃል እውነት አይደለም።

መኪናዋን የገዛናት ልጄ ሩዝ ከማሳ ወደ መፈልፈያ እያመላለሰች እንድትተዳደርባት ነው። ኢንሹራንስ ልናስገባ ስንሄድ ሹፌሯ ወጣት፣ መንጃ ፈቃዷም አዲስ ስለሆነ የምንከፍለው ዓረቦን እጥፍ ይሆናል ተባልን። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ማለታቸው ነው። እኔ ድሮ ትራክተር ስነዳ ያወጣሁት፣ እያሳደስኩ ያቆየሁት መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ውሉ ላይ ዋና ሹፌር ተብዬ ተጻፍኩ። የምትነዳው ግን እሷ ናት። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። ወረቀቱ ጨርሶ ውሸት እንዳይሆን ብዬ በየገበያው ቀን መሪውን እቀበላት ጀመር። ከጎኔ ተቀምጣ ቀስ ይበሉ እያለች ትስቅብኛለች። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ያንን ቀን ነው።

ትናንት ጉልበቴን ስለሚያመኝ ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ እየነዳሁ ነበር። ስንነሳ ልጄ ከዘራዬን ከኋላ ልጫነው ብትለኝ፣ ገበሬ ዱላውን ከእጁ አያርቅም ብዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ሸክላዎቹ አጠገብ ስንደርስ ላም መንገድ ገባች። ፍሬን ስረግጥ ከዘራው ሥሩ ገብቶ ኖሮ አልወርድም አለ። ላሟን ላትርፍ ብዬ መሪውን ስጠመዝዝ ሸክላው ላይ ወጣሁ፤ በመጨረሻ የሩዝ ማሳው ጭቃ አቆመን። ወ/ሮ ደብሬ ጥላ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ስለነበር ማን እንደነዳ አላዩም። የተጎዳ ሰው የለም።

ልጄ ቶሎ በሷ በኩል አወረደችኝና «አባዬ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ሸመገሉ ብለው መንጃ ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል፤ እኔ ነበርሁ እላለሁ» አለችኝ። በድንጋጤ እንዳለችኝ አደረግኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ስህተቴ ታየኝ። ወጣት ናት ብለው ዓረቦን ያከበዱባት ሰዎች፣ አደጋ አድርሳለች የሚል ሲጨመርበት መኪናዋን ያስቆሟታል። ውሉን በስሜ አስጽፌ እንጀራዋን ላስከብር ብዬ ጭራሽ ላሳጣት ነው።

ዛሬ ይህን ስናገር ረዳት ሳጅኑ አባት ሁሉ ለኢንሹራንስ ሲል እንዲህ ይላል ብለው አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። የእኔ እውነት ሰው ሁሉ የሚዋሸውን ውሸት ይመስላል። ስለዚህ በገመድ ተጎትታ ጣቢያው ግቢ ወደቆመችው መኪና ወስጄ ፍሬኑ ሥር የተቀረቀረውን ከዘራ አሳየኋቸው። አብራኝ የመጣችውን ልጄን እንዴት እዚህ ገባ ብለው ሲጠይቋት ወደ እኔ ዞራ «ከኋላ ልጫነው ብዬዎት ነበር እኮ፣ አባዬ!» ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ረዳት ሳጅኑ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁንም።

ሊጡን የደፋሁት እኔ ሽማግሌው እንጂ ልጄ አይደለችም። ትናንት የሰጠችው ቃል ለአባቷ ሳስታ ስለሆነ በምሕረት ዓይን ይታይላት። ኢንሹራንሱ ከፈለም አልከፈለ የወ/ሮ ደብሬን ሸክላ እተካለሁ። ጊደሬንም ቢሆን ሸጬ ውሉ ላይ የልጄን ስም በሹፌርነት አስጽፋለሁ። መንጃ ፈቃዴን ሳልጠየቅ አስረክቤያለሁ። ከዘራው ሲወጣ ፍሬኑ ደህና ሆኖ ስለተገኘ ዛሬ ወደ ቤት የምትነዳኝ እሷ ናት፤ ከዘራዬም ከኋላ ይጫናል።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ የራሴ መሆኑን፣ እውነት መሆኑንም አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ አንለይ ማረው
የትናንት ቃሏን ያነሳች፦ አይናለም አንለይ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ትዕዛዙ ይርዳው