ቁስሉስ ደርቋል

ሱዳን ውስጥ፣ ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ወደ ገዳሪፍ በምትሄደው አውቶቡስ፣ በሃፍላዋ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ጠና ያለች ናት። ሌላዋ ወጣት ናት፤ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምፅዋም ከሹክሹክታ አያልፍም።

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?»

«እንቅርት አስወጥቼ ነው፣ እትዬ።»

«ያምሻል?»

«ቁስሉስ ደርቋል። ምራቅ ስውጥ ትንሽ ይይዘኛል። ድምፄ ግን ይኸው፣ አልመለስ አለ።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«‹ኢስብሪ› ነው የሚለኝ፤ ታገሺ።»

«ታዲያ ታገሺ። ዋናው መትረፍሽ ነው።»

«መትረፌን ማን አመነኝ? አገር ቤት፣ ኦፕራሲዮን መግባቴን ሰምታ ለነበረችው እናቴ ደወልሁ። ‹እማ፣ እኔ ነኝ› ስላት ‹አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?› አለችኝ።»

«ወይ ጉድ!»

«‹ልጄ ሞታለች፤ መርዶው እስኪነገረኝ በሰው ድምፅ ልታታልሉኝ ነው› አለች።»

«ምን ታድርግ፣ እኛ መች መርዶ ቶሎ እንናገራለን! አንቺና እሷ ብቻ የምታውቁትን ንገሪያታ።»

«ነገርኋት። ልጅ ሆኜ አልጋ ላይ ስሸና፣ አባቴ እንዳይቆጣኝ ‹ውሃ ፈሶብኝ ነው› ትለው የነበረውን።»

«እሺስ?»

«‹ይህንን ከመሞቷ በፊት ነግራሽ ነው› ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ስሜን እየጠሩ ሲያለቅሱ ሰማሁ።»

«ሂጂና ትይሽ እንጂ! ወይ ፎቶ ላኪ።»

«መንገዱ ተዘግቷል፣ እትዬ። ስልኳም ፎቶ አይቀበልም።»

«አንቺስ ያኔ ምን አልሻቸው?»

«‹አለሁ› ብዬ ልጮህ ሞከርሁ።»

መውረጃዬ ሲደርስ «አቁምልኝ» ልል አፌን ከፈትሁና፣ ምንም ሳልል አለፍሁት።