ሰባት ቤት ቆጣሪው ባላምባራስ

የሚሸሹት ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም። በደርግ ዘመን ደባርቅ ላይ የታሪክ አስተማሪ ሳለሁ፣ ከገበያ ስመለስ ከባላምባራስ ገሠሠ በቅሎ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ።»

«ጓድ አላልከኝም፣ እግዜር ይመስገን!» ብለው ከበቅሏቸው ወረዱ። «አንተ ልጅ፣ በአደባባይ ሸጥከኝ አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤቱ የኪነት ቡድን አንድ ቴአትር ጽፌ ነበር። በቴአትሩ ዓለም ተገልብጣለች፤ ጥቁሮቹ የቆላ ሰዎች ጎንደር ላይ ነግሠው ቀያዮቹን የደጋ ባላባቶች ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። ነጋዴው የአንዱን ባላባት አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ባላባቱ ዘሩን ሲቆጥርለት «እነዚህ ሁሉ አያቶችህ ስንት ቁና እህል ይፈጫሉ?» ይለዋል። ከዚያ «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ አትርፌ ነው» ብሎ እየነዳ ይወስደዋል። ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ ባላምባራስ ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ልጃቸውን ማንጠግቦሽን ለደምለው ሊጠይቁ የሄዱትን ሽማግሎች ከደጅ መለሱ። ደምለው ነርስ ነው፣ ምስጉን ልጅ፤ ጉድለቱ አያቱ ባሪያ የነበሩ መሆናቸው ብቻ። ማንጠግቦሽም «ከእሱ ለሌላ ከምትድሩኝ እመነኩሳለሁ» ብላለች። በቴአትሬ ትዳሯን አፈረስኩባት ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

«ያልሆነ ታሪክ ፈጥሮ ሰው ማሳቅ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» አሉኝ።

«ያልሆነው የሻጭና የተሸጪው መልክ ብቻ ነው፣ አባባ። ጥርስ ማየቱም ስም መንጠቁም እዚሁ አገራችን ሆኗል።»

«የቆየ ነገር አትቆስቁስ። ባርነት በአዋጅ ቀርቷል!»

«ከገበያው ቀርቷል። ከእርስዎ ደጅ ግን ሽማግሌ ሲመልስ አይተነዋል።»

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። በከዘራቸው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋብቻ በአጥንት ነው!» አሉ። «እኔ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። ለደምለው ምኑ ይቆጠርለታል?»

«ስትቆርቡ ለእርስዎና ለደምለው ጽዋው ሁለት ነው እንዴ?»

«ጽዋ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ! በመጽሐፍ አታጥምደኝ።»

«እሺ፣ መጽሐፉን ልተወው። የደምለውን አያት ያውቋቸዋል?»

«ትርፌን? እንዴታ! እናቴ ስትሞት የራሷን ልጅ አስቀምጣ ያጠባችኝ እሷ አይደለችም?»

«አባቷ ያወጡላት ስም ማን ነው?»

የበቅሏቸውን ልጓም ለቀቁ። በቅሎዋ የመንገድ ዳር ሣር ትግጣለች።

«ትርፌ ያላት አባቴ ነው» አሉ። «በልጅነቷ ከጊቤ ማዶ ነው የመጣች። የፊት ስሟን... የቅድመ አያቴን በቅሎ ስም እንኳ አውቃለሁ እኮ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያን ዕለት ተናድጄ የወጣሁ አይምሰልህ። ያ ነጋዴ አትርፌ ሲለው የእሷ ፊት ድቅን አለብኝ። ና፣ ተከተለኝ።»

አሮጊቷ ትርፌ ወደ ቡይት ራስ ከሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ቤታቸው ደጃፍ ምስር ይለቅማሉ። ባላምባራስን ሲያዩ «ጌታዬ!» ብለው ሊነሡ ሲታገሉ፣ እሳቸው ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና ከሥራቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ አባትዎ ማን ብለው ነበር የሚጠሩዎት?» አሏቸው ባላምባራስ።

አሮጊቷ እጃቸው ምስሩ ላይ ቀረ።

«ዲንቄ» አሉ። ደግመው «ዲንቄ» አሉና አለቀሱ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ፣ ልጄ።»

ባላምባራስም አለቀሱ፤ እኔም አልቀረሁም። ሲነሡ «ሽማግሎቹ ይመለሱልኝ፤ ካልመጡ እኔው መጥቼ እለምናለሁ» አሉ።

ማንጠግቦሽና ደምለው ለፋሲካ ተዳሩ። በሠርጉ ባላምባራስ ከእማማ ዲንቄ ጋር በአንድ ዋንጫ ጠጡ። ያን ያየ የደባርቅ ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደው። ከዚያ ወዲህ በአጥንት የተነሣ ቆመው ይቀሩ የነበሩ ሌሎች ልጆችም ጎጆ ወጥተዋል፤ ማንም ሲጎዳ አላየሁም። አንባቢዬ፣ ጨዋነት በአያት ማንነት የሚለካ ከሆነ፣ ያን አያት ማን እንዳጠባው አብሮ መጠየቅ ይገባል።

ትናንት ባላምባራስ የልጅ ልጃቸውን ሰባት ቤት ሲያስቆጥሯት ደረስኩ። በእናቷ በኩል እንደ ዳዊት አወረደችው። በአባቷ በኩል ግን «ደምለው፣ እናቱ አረጋሽ፣ እናቷ ዲንቄ» አለችና ቆመች።

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«ከዚያ በላይ ያለውን የቆረጠው የእኔ አባት ነው» አሏት። «ይህንንም ጨምረሽ ቁጠሪ።»