የአስር ሰዓቱ ከበሮ

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ሶርሳ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንዲሁም ከሐዘን ቤትሽ ወጥተሽ ከፊት ወንበር የተቀመጥሽልኝ እህቴ ፀዳለ፤

ይህን ሁሉ ደግሳችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ። ይህን የሚያምር የዱንጉዛ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋችሁልኛል። ኬክም አይቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ "ጣፋጭ ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ" እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ ኖሬ፣ በመጨረሻዋ ቀን ኬክ አቀረባችሁልኝ። ብድራችሁን መለሳችሁ።

ንግግር አልችልበትም። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ የማውቀው ፊሽካ መንፋት ነው። ፊሽካ ጥሩ ነገር ነው፤ አጭር ነው፣ ሲነፋም አያለቅስም። ዛሬ ግን ፊሽካ የማይበቃው ነገር አለኝና ትንሽ ታገሱኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እዚህ ስመደብ ይህ ትምህርት ቤት ከሶዶ ዳር የተጣለ ነበር። ባጃጅ የለም፣ አጥር የለም። ሜዳው የሰፈሩ ከብት መዋያ ነው። የልጆቹ የመጀመሪያ ልምምድ ላም ማባረር ነበር። አንዳንዶቹ ፈጣን ሯጭ የሆኑት በእኔ ሥልጠና ሳይሆን በዚያ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የነበረን አንድ ሜዳ ነው፤ ዛሬም ያለን እሱ ነው። ትምህርት ካለቀ በኋላ ያለችን ነፃ ሰዓትም አንዲት ናት፤ አስር ሰዓት።

ታዲያ ያችን ሜዳና ያችን ሰዓት ብቻዬን ይዤ ደልቶኝ ስኖር፣ አንድ ቀን የጂኦግራፊው መምህር ኢሳይያስ ከበሮ አንግቶ፣ ዋሽንትና ክራር የያዙ ልጆች አስከትሎ መጣ። የኪነ ጥበብ ክበቡን ተረክቧል። አዳራሽ የለንም፤ ክፍል ውስጥ ሲመቱ የያኔው ርዕሰ መምህር ራሴን አመመኝ ይላሉ። ሜዳው የእኔ ነው አልኩት። ኢሳይያስን ታውቁታላችሁ፣ አይቆጣም።

"መካከሉን ማን ይሮጥበታል? አንቺ ዳር ዳሩን ያዢ፣ እኛ መካከሉ ይበቃናል" አለኝ።

ምን ይባላል? ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ልጆች ዳር ዳሩን ሮጡ፣ የእሱ ልጆች መካከል ላይ ተጫወቱ። እኛ ሁለታችን ደግሞ ተጨቃጨቅን። ሯጮቼን ታዘናጋብኛለህ እለዋለሁ፤ ሯጮችሽ አቧራ አበሉን ይለኛል። ስንቶቻችሁ ናችሁ እኛን ለማስታረቅ ሻይ የጋበዛችሁን? ሻዩን ጠጥተን ተመልሰን እንጣላ ነበር።

ልጆቹ ግን እኛን አልጠበቁም። እግራቸው ከበሮውን ያዘ። ኢሳይያስ ሲያፈጥን ያፈጥናሉ፣ ሲያረግብ ይረግባሉ። ቀስ በቀስ የሚነሱትም በመጀመሪያው ምት ሆነ። የእኔ ፊሽካ አንገቴ ላይ ጌጥ ሆኖ ቀረ። ይህን ያየ ከዳሞታ ተራራ የሚወርድ ገበያተኛ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ ይቆም ነበር።

ከዚያ ሻንቶ ከተማ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር መጣ። በሴቶች ሩጫ ያሰለፍኳት ሐመልማልን ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል ናት፤ እግሯ ረጅም፣ ትንፋሿ የማያልቅ። አሸናፊነቷን አልተጠራጠርኩም። ፊሽካ ተነፋ። ሁሉም ሮጡ። ሐመልማል ቆማለች! አንድ እግሯን አስቀድማ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዝም ብላ ቆማለች። ሩጪ ብዬ ጮህኩ። ዞር ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ከበሮውስ?" አለችኝ።

አዎ፣ ሳቁ። ያን ቀን ሻንቶም ስቃለች። እኔ ግን ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እስከ ሶዶ ድረስ ኢሳይያስን የምለውን ስደረድር መጣሁ። በማግስቱ ኢሳይያስ ላይ የወረደውን ውርጅብኝ ስታፍ ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር የት እንደሚሆን።

ዲምቱ ነበር። በዚያ ሙቀት ኢሳይያስ ከበሮውን ታቅፎ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። ረዳቱ ለከበሮውም የሰው ሂሳብ ክፈል ብሎ አተካራ ገጠመው። ሜዳው ውስጥ አላስገባ አሉት፤ ከሜዳው ውጭ አንዲት ግራር ሥር ተቀመጠ። ፊሽካው ሲነፋ እሱም መታ። ሐመልማል እንዴት እንደሮጠች እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ተከታይዋ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለች እሷ ጨርሳ ወደ ግራሯ እየሄደች ነበር። ዳኞቹ ተሰብስበው ተወያዩ። ከሜዳ ውጭ ከበሮ መምታት ክልክል ነው የሚል ደንብ አጡ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የኬሚስትሪ መምህርታችን ናት። ያውና ከኋላ አንገቷን ደፍታለች። ቀና በይ ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር የሆነውን ታውቃላችሁ። ኢሳይያስ ታመመ፤ ቶሎ ይነሳል ስንል አልጋው ላይ ዋለ። ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ ስለ ሕመሙ አልነገረኝም። አስር ሰዓት ላይ ማን እየመታላቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንም፣ አልኩት።

"እንግዲያው አንቺ ምቺ" አለኝ።

ምት እንደማላውቅ ነገርኩት። ልጆቹ ያስተምሩሻል አለኝ። ስንጨቃጨቅ ኖረን የመጨረሻ ንግግራችን ይሄ ሆነ።

ከቀብሩ በኋላ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ልጆቹ መስመሩ ላይ ተሰለፉ። ፊሽካዬን ነፋሁ። አንድም ልጅ አልተነሳም። እምቢ ማለታቸው አልነበረም፤ እግራቸው አልሄድ አላቸው። ደግሜ ነፋሁ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ሁሉም ተከተሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ልጆች ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እውነት ነው።

ከዚያ የኢሳይያስ ባለቤት ፀዳለ መጣች። ባለ ጥቁር ልብስ ሴት ከበሮ አቅፋ ከባጃጅ ስትወርድ ያየ ሰው የለም። እኔ አየሁ። ባሏ ከሞተ ወር አልሞላም።

"እቤት ተቀምጦ ሲያየኝ አልቻልኩም፤ እዚህ ይጩህ" አለችኝ።

ፀዳለ፣ ያን ቀን ሳላመሰግንሽ ከበሮውን ተቀበልኩሽ። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምመታው እኔ ነኝ። አትሳቁ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ "ቲቸር፣ በዚህ ምት ከሮጥን እግራችን ይሰበራል" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ግን ሮጡ። እንዳለውም አስተማሩኝ። አሁን ብዙም አላሳፍርም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ስብሰባ ተቀመጥን። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታችን አንገት ያስደፋል። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ አስር ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን፣ ክበባትና ስፖርት ለጊዜው ይቆዩ ተባለ። እጅ ወጣ። ብዙ እጅ ወጣ። ሐመልማል፣ ያንቺም እጅ ወጥቷል፤ አይቻለሁ።

አልተቀየምኩሽም። ወድቀው ግቢው በር ላይ ፊታቸውን ሸፍነው የሚቆሙትን ልጆች አንቺም ታያለሽ፣ እኔም አያለሁ። እናቶቻቸው ደጄ ድረስ ይመጣሉ። የሚያስጨንቃችሁ ያስጨንቀኛል። አቶ ሶርሳም ደስ ብሏቸው የወሰኑት አይደለም።

ግን ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን ሳልናገር ብወጣ ውሸታም እሆናለሁ። ጡረታ አይደለም የሰበረኝ። ጡረታ ለሁሉም ይደርሳል። ኢሳይያስን በኅዳር ቀበርነው፤ አሁን ደግሞ ሰዓቱን ልንቀብርበት ነው። "ለጊዜው ይቆዩ" ተብሎ ከቆየ ነገር የተመለሰ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ማጠናከሪያው ይሰጥ። በሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ብቻ፣ አስር ሰዓትን ለሜዳው ተዉለት። ሌላውም ልጅ በጉጉት የሚጠብቀው ነገር ይኑረው። ልጅ ተምሮ የሚያድገው ፈተና ስለፈራ ብቻ አይደለም፤ የሚናፍቀው ሰዓት ስላለውም ነው። ሐመልማል ፎርሙላ ያጠናችው አስር ሰዓት እስኪደርስ ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች።

ፊሽካዬን ዛሬ ጠዋት ለተተኪዬ ለመምህር ባሮክ ሰጥቻለሁ። አደራ ባሮክ፣ ብዙ አትንፋው።

አሁን ልመርቃችሁ። እናቴ ሰው ስትሸኝ ፆሲ አንጆ ትል ነበር፤ እግዚአብሔር ይባርክ ማለት ነው። እኔም እንደ እሷ እላችኋለሁ። ጠመኔ የያዘ እጃችሁ አይዛል፣ ድምፃችሁ አይዘጋ። ያስተማራችኋቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኟችሁ ፊት አያዙሩ፤ ሮጠው ይሳሟችሁ። የታመማችሁ ተነሱ፤ ያዘናችሁ ተጽናኑ። ፀዳለ፣ ቤትሽ በሰው ድምፅ ይሙላ። አቶ ሶርሳ፣ የሚከብድዎትን ውሳኔ እግዚአብሔር ያቅልልዎት። ይህችም ሜዳ ልጅ አትጣ።

አስር ሰዓት ሊሆን ነው። በመስኮቱ ተመልከቱ፤ ልጆቹ መስመሩ ላይ ቆመዋል። ዛሬ እኔ እንደማልመታላቸው አልነገርኳቸውም። ከበሮው እዚህ ጠረጴዛው ሥር ነው። ባጃጅ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ጉልበቴ እንደምታውቁት ነውና ቀስ እያልኩ ነው የምሄደው። በሩ ጋ እስክደርስ ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው።

ሐመልማል ልጄ፣ ከበሮውስ?