በራስ ፈቃድ

(ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ። ማመልከቻ ጸሐፊው አቶ ዘውገ እንግዳሸት የሚሠሩበት ሳሎን፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጨዋታ ተከፍቷል፤ ልጃቸው ትንቢት ገመድ አልባውን ኪቦርድ በጀርባው ገልብጣ ይዛለች።)

ትንቢት፦ ሰበርከው አላልኩህም አባዬ። ነክተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።

አቶ ዘውገ፦ አልነካሁትም አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልማልልሽ?

ትንቢት፦ እንግዲያው ትናንት ደህና የነበረ ኪቦርድ ዛሬ ምን ነካው? ልምምዱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ነው የቀረው። አራቱም ልጆች ገብተው እኔን ነው የሚጠብቁት። ቃልአብ «እንቅልፍ ወሰደሽ?» እያለ ይቀልድብኛል።

አቶ ዘውገ፦ ዕቃ ነው፤ ይሞታል። ደግሞ ገመድ የሌለው ነገር መቼ ይታመናል? በገመድ የታሰረ በግ እንኳን ያመልጣል።

ትንቢት፦ በጉን ተወውና መብራቷን ተመልከት። አረንጓዴ ናት አይደል? ባትሪ አለው ማለት ነው።

አቶ ዘውገ፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። አንቺ ካልሽ አረንጓዴ ናት።

ትንቢት፦ የምትሰካዋን ትንሿን ነገር ከኋላ ነቅዬ ከፊት ሰካኋት። ያው ነው። ስልክህ አጠገቡ ነው እንዴ? አንዳንዴ ስልክ ይረብሸዋል።

አቶ ዘውገ፦ ኪሴ ውስጥ ነው። እንቺ፣ ከፈለግሽ ጓዳ ወስደሽ ቆልፊበት።

ትንቢት፦ እሱም አይደለም። ማውሱ ይሠራል። ጦረኛዬ ግን ሐውልት ሆናለች። ወደፊት ብላት የለም፣ ወደኋላ ብላት የለም። ጠላት መጥቶ ፊቷ ቆሞ ይተኩስባታል፣ እሷ ዝም።

አቶ ዘውገ፦ አጥፍተሽ አብሪው። ግማሹ በሽታ በእንቅልፍ ይድናል።

ትንቢት፦ ሁለቴ አጠፋሁት።

አቶ ዘውገ፦ በይ ዛሬ ይቅርብሽ። አንድ ቀን ባትለማመጂ ምን ይጎድልብሻል?

ትንቢት፦ ዛሬ እኮ ስም ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀን ነው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሚቴው የአምስታችንን ስም ይልካል። ሐሙስ ለውድድሩ አዲስ አበባ እንገባለን፤ ሦስት ሳምንት። ከዚህ አካባቢ ያለፍነው እኛ ብቻ ነን፤ ከአምስታችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ይኼን ላንተ እንደ አዲስ መንገር አለብኝ?

አቶ ዘውገ፦ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።

ትንቢት፦ እናቴ «ሴት ልጅ ለጨዋታ ብላ አገር ለአገር አትዞርም» ስትል ማን ነው የተሟገተልኝ?

አቶ ዘውገ፦ እሱን አሁን ምን አነሳው?

ትንቢት፦ «የልጅ ተሰጥኦ የእግዜር አደራ ነው፤ አደራ የሚደብቅ ሌባ ነው» ብለህ ዝም አሰኘሃት። እኔ በር ሥር ቆሜ ስሰማ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

አቶ ዘውገ፦ … ነገ ጠጋኝ ጋ እንውሰደው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ትንቢት፦ አንተ ነህ ነገ የምትለው? ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የምትለው ሰውዬ?

አቶ ዘውገ፦ የሰው ነገር ሥር አለው። ፕላስቲክ ሥር የለውም።

ትንቢት፦ ቆይ። ለልጆቹ «ኪቦርዴ ሞቷል» ብዬ ልጻፍላቸው… ጻፈ። አልሞተም።

አቶ ዘውገ፦ ይኸው፣ ዳነ።

ትንቢት፦ የጻፈው አማርኛ ነው። የእንግሊዝኛውን ቁልፍ ስጫን የሚወጣው የኛ ፊደል ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ተትቷል። ጨዋታው ደግሞ አማርኛ አይሰማም፤ ሴትዮዋ ለካ ለዚህ ነው የደነቆረችው።

አቶ ዘውገ፦ ምክንያቱ ከተገኘ መልሺውና ተጫወቺ።

ትንቢት፦ መለስኩት። ሄደች።

አቶ ዘውገ፦ እሰይ። በይ እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።

ትንቢት፦ ቁጭ በል አባዬ።

አቶ ዘውገ፦ ጓደኞችሽ አይጠብቁሽም?

ትንቢት፦ ይጠብቁኝ። ማን ነው አማርኛ የጻፈበት?

አቶ ዘውገ፦ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ረስተሽው።

ትንቢት፦ እኔ ትናንት እንግሊዝኛ ላይ ትቼው ነው የተነሳሁት። ዛሬ ጠዋት ኮሌጅ ነበርኩ። እናቴ ፋብሪካ ናት። አንተ ደግሞ ከዓርብ ወዲህ ሥራ የለኝም ብለኸኛል።

አቶ ዘውገ፦ የአንድ ሰውዬ የውርስ ጉዳይ ነበረች። ሁለት መስመር አስተካከልኩለት።

ትንቢት፦ አሁን አልነካሁትም ብለህ ልትምል አልነበር?

አቶ ዘውገ፦ ባትሪውን ነው ያልነካሁት።

ትንቢት፦ ይኼ የጠበቃ መልስ ነው። ደግሞ አንተ ሥራህን ስትጨርስ ሁሌ ወደ እንግሊዝኛ ትመልስልኛለህ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት አይተህ «ለጦረኛዋ መልሼላታለሁ» ትለኛለህ። ከገዛነው ጀምሮ አንድ ቀን ረስተህ አታውቅም።

አቶ ዘውገ፦ ሰው አይረሳም? አረጀሁ።

ትንቢት፦ መጨረሻ የተከፈተው ፋይል… የውርስ አይደለም።

አቶ ዘውገ፦ ትንቢት፣ የደንበኛ ምስጢር ነው። ዝጊው።

ትንቢት፦ ደንበኛህ እኔ ነኝ እንዴ? የኔ ስም ነው ያለው።

አቶ ዘውገ፦ ዝጊው ልጄ።

ትንቢት፦ «ለወጣቶች የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር አስተባባሪ ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ ከቡድን አባልነት በራስ ፈቃድ መሰናበትን ይመለከታል።» በራስ ፈቃድ። በማን ፈቃድ አባዬ?

አቶ ዘውገ፦ ረቂቅ ነው።

ትንቢት፦ ፕሪንተሩ ሁለት ቅጂ አትሞልሃል። ረቂቅ በሁለት ቅጂ ታትሞ አይቼ አላውቅም።

አቶ ዘውገ፦ … ጠዋት አስገባሁት።

ትንቢት፦ የት?

አቶ ዘውገ፦ ወጣት ማዕከሉ መዝገብ ቤት። በባጃጅ ሄድኩ። ማኅተም ተመቶበታል።

ትንቢት፦ ፊርማውስ?

አቶ ዘውገ፦ እንዳንቺው አድርጌ።

ትንቢት፦ ፊርማዬን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። «ሌላ ሰው እንዳያስመስለው ጅራቱን ጠምዝዢው» ብለህ እጄን ይዘህ።

አቶ ዘውገ፦ ጅራቱንም አልረሳሁት።

ትንቢት፦ ጠላት ቢያደርገው ጠላት ነው ብዬ አልፈው ነበር። እናቴ ብታደርገው እንኳን ያስቆጣኛል እንጂ አይደንቀኝም፤ እሷ ከመጀመሪያውም አልፈለገችም። አንተን ምን ልበልህ? ትናንት ማታ ሻንጣ አብረን አላወረድንም? ዚፑን ሳሙና ቀብተህ አላስተካከልክልኝም?

አቶ ዘውገ፦ አስቤበት ነው። ትምህርትሽ አለ። ሰው ያወራል። አሸነፋችሁም ተባለ አላሸነፋችሁም፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሦስት ሳምንት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ አዲስ አበባ…

ትንቢት፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሰው ሲያወራ አንተ መቼ ሰምተህ ታውቃለህ? ለማታውቀው መንገደኛ ቀኑን ሙሉ ትሟገታለህ፤ የራስህን ልጅ ከጀርባ ትወጋለህ። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

አቶ ዘውገ፦ ተናገሪ፤ ይገባኛል።

ትንቢት፦ መናገር አልፈልግም። አንብብልኝ።

አቶ ዘውገ፦ ምኑን?

ትንቢት፦ ደብዳቤውን። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ሲመጣብህ «ሳይነበብለት የሚፈርም ሰው የለም» አይደል የምትለው? እኔ ሳይነበብልኝ ፈርሜያለሁ። በራስህ አፍ ልስማው።

አቶ ዘውገ፦ ምን ያደርግልሻል?

ትንቢት፦ አንብብልኝ አልኩህ።

አቶ ዘውገ፦ «እኔ አመልካች ትንቢት ዘውገ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ስላለብኝና ትምህርቴንም ማስቀደም ስለሚገባኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ አባልነት በራሴ ፈቃድ መሰናበቴን ከታላቅ አክብሮት ጋር አሳውቃለሁ።»

ትንቢት፦ ከሱ በታችስ?

አቶ ዘውገ፦ ስምና ፊርማ ነው። ይኸውልሽ፣ ሌላ የለበትም።

ትንቢት፦ አባዬ፣ ስክሪኑን ካጠፋሁት ቆየሁ እኮ። መብራቷንም አላየሃትም። ኪቦርዱን ጉልበትህ ላይ አድርገህ አፍንጫህ ስክሪኑን እስኪነካ ስትጠጋ ወገብህን ያመመህ ይመስለኝ ነበር። «አንብቢልኝ፣ ዓይን የዘለለውን ጆሮ ያገኘዋል» ስትለኝ፣ የምትኮራብኝ መስሎኝ ድምፄን እያሳመርኩ ነበር የማነብልህ።

አቶ ዘውገ፦ ጥላ ጥላው ይታየኛል። ሰው መሆኑን እለያለሁ፤ ማን መሆኑን በድምፁ ነው።

ትንቢት፦ ከመቼ ጀምሮ?

አቶ ዘውገ፦ ከጥምቀት ወዲህ እየባሰ ነው የመጣው። ዛሬ ያቺ የስክሪኑ ጥግ ምልክትም ጠፋችብኝ።

ትንቢት፦ አራት ወር። እናቴ ታውቃለች?

አቶ ዘውገ፦ ማንም አያውቅም። ሐኪምም አላየኝም። ጣቶቼ ቁልፎቹን ያውቋቸዋል፣ ሠላሳ ዓመት ነው። የጻፍኩትን መልሼ ማየቱ ነው ያቃተኝ፤ እሱን ደግሞ አንቺ ታነቢልኛለሽ። ሦስት ሳምንት ከሄድሽ በመጀመሪያው ሳምንት ይነቃብኛል። የማያይ ማመልከቻ ጸሐፊ ጋ ማን ይመጣል?

ትንቢት፦ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።» ይኼን ለስንቱ ሰው ስትመክር ሰምቼሃለሁ።

አቶ ዘውገ፦ ለሰው መምከር ቀላል ነው።

ትንቢት፦ ብትነግረኝ እቀርልህ ነበር። ይገባሃል? ሻንጣውን ራሴ መልሼ እሰቅለው ነበር፣ አንድ ቃል ሳይወጣኝ። እውነተኛው የራሴ ፈቃድ እሱ ነበር። ሰረቅከኝ።

አቶ ዘውገ፦ እንግዲያው አሁን አወቅሽ። አሁን ቅሪልኝ።

ትንቢት፦ አሁን አልቀርም።

አቶ ዘውገ፦ ትንቢት…

ትንቢት፦ ትናንት ለምነኸኝ ቢሆን አዎ። ከዚህ በኋላ ብቀር ያስቀረኝ ፊርማህ ነው፤ ዕድሜ ልኬን ባየሁህ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።

አቶ ዘውገ፦ ብትፈልጊም ደብዳቤው ገብቷል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት አይወጣም።

ትንቢት፦ ሌላ ወረቀት ይገባበታል። ገና አስር ሰዓት ነው፤ አንድ ሰዓት አለን። ኪቦርዱን ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ። አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።

አቶ ዘውገ፦ ልጆቹስ?

ትንቢት፦ ስሜ ከሌለ ልምምዱ ምን ያደርግልኛል? ተናገር።

አቶ ዘውገ፦ እሺ። ጻፊ። «እኔ አመልካች ትንቢት ዘውገ፣ ዛሬ ጠዋት ያስገባሁት ማመልከቻ በስህተት የቀረበ በመሆኑ…» ቁልፉ አይሰማኝም። ለምን አትጽፊም?

ትንቢት፦ እኔ ዛሬ ጠዋት ምንም አላስገባሁም።

አቶ ዘውገ፦ አጻጻፉ እንዲህ ነው፤ ነገሩን ያለሰልሰዋል።

ትንቢት፦ ባንተ ውሸት ላይ የኔ ስም ዛሬ አንዴ ተጽፏል። ሁለተኛ አይጻፍም። በራስህ ስም ተናገር።

አቶ ዘውገ፦ በራሴ ስም ከሆነ «ለምን አደረግኸው?» ይላሉ።

ትንቢት፦ ይበሉ።

አቶ ዘውገ፦ የኮሚቴው ጸሐፊ የደንበኛዬ ልጅ ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ፍርድ ቤት ደጃፍ ያልሰማ አይኖርም። እንጀራዬ ነው ልጄ።

ትንቢት፦ የኔም እንጀራ ሐሙስ ነው። ስህተት ነበር ካልካቸው ማን ያምንሃል? ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘዋል። የሚያምኑት እውነቱን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው።

አቶ ዘውገ፦ ሠላሳ ዓመት የሰው «እኔ» ስጽፍ የራሴን ጽፌ አላውቅም። እንዴት እንደሚጀመርም አላውቀውም።

ትንቢት፦ እጄ ቁልፉ ላይ ነው።

አቶ ዘውገ፦ ትጠዪኛለሽ?

ትንቢት፦ አላውቅም። ሰዓቱ ይሄዳል አባዬ።

አቶ ዘውገ፦ … ጻፊ። «እኔ ዘውገ እንግዳሸት ዓይኔ አያይም። ዛሬ ጠዋት በልጄ ስም የገባው ወረቀት የእሷ አይደለም፤ የኔ ነው።»