በአማታቸው ደጅ ከሞተር ይወርዱ የነበሩት የመምህር ጴጥሮስ ባፈና ዜና ሕይወት

ከሆሳዕና፣ ከአንጋጫ፣ ከዳምቦያና ከሺንሺቾ ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ ከእኛ ጋር ለመቆም የመጣችሁ ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። እኔ የሟች ባለቤት የወይዘሮ ጵርስቅላ ታላቅ ወንድም አበራ ነኝ። ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ያዘዘኝ የንግግር ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን፣ ከሟች ጋር በአንድ ሞተር ላይ ተቀምጬ የማውቅ በመሆኔ ነው። በመሐል ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ቢያመልጠኝ ሟች ራሳቸው ሳቅ የሚወዱ ሰው ስለነበሩ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ፤ እናንተም አትቀየሙኝ።

መምህር ጴጥሮስ ባፈና ከአባታቸው ከአቶ ባፈናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ በ1941 ዓ.ም. በዳምቦያ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው እንሰትና በቆሎ እያለሙ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ልጆቻቸውን አስከትለው ረጅም መንገድ በእግራቸው ወደ ጸሎት ቤት እየሄዱ ያሳደጓቸው ሲሆን፣ ሟች ፊደል የቆጠሩትም በዚያው በጸሎት ቤቱ አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት ነው። በትምህርታቸው ብርቱ ስለነበሩ ሁለተኛ ደረጃን ሆሳዕና መጥተው ዘመድ ቤት ተጠግተው ከተማሩ በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በጥሩ ውጤት ተመረቁ፤ የመጀመሪያ ምደባቸውም ሺንሺቾ ሆነ። ለውጡ ከመጣ ወዲያ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀን ልጆቹን፣ ማታ ወላጆቹን እያስተማሩ ከርመው ወደ አንጋጫ ተዛወሩ፤ እስከ ዕለተ ሕመማቸው ድረስም በዚያው ሒሳብ አስተምረዋል።

በ1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጵርስቅላ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ታናሽ እህቴን አንቱ ማለት ለምላሴ ቢከብደውም ዛሬ ሥርዓቱ ይህ ነውና ልበል፤ ወይዘሮ ጵርስቅላ በዚያን ጊዜ ሆሳዕና በሕክምና ሥራ ላይ ነበሩ። እሳቸው ሀዲይኛ፣ ባለቤታቸው ከምባትኛ ስለሚናገሩ ቤታቸው ውስጥ የሚያስታርቃቸው አማርኛ ነበር፤ ልጆቻቸው ግን ሦስቱንም እንደ ውሃ ጠጥተው አደጉ። ሁለቱም ዝውውር ቢጠይቁ ለአንዳቸውም ስላልተፈቀደላቸው ሟች ሳምንቱን አንጋጫ ተከራይተው እየሰነበቱ ቅዳሜ ብቻ ወደ ቤታቸው ይመጡ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሂሩት አባቷ እንግዳ መስለዋት እያለቀሰች ከእናቷ ቀሚስ ሥር የተሸሸገች ዕለት፣ እህቴ ለአልጋና ለቁም ሣጥን ያሰበችውን የዕቁብ ዕጣ አውጥታ ከአንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ የተሸጠ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዛችላቸው። ይኸው አንቱታው ከአፌ አመለጠ፤ ይቅር በሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህር ጴጥሮስ ማለዳ ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ፣ ከሰዓት ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና በዚያች ዶቅዶቄ ተመላለሱ። በክረምት ቦቲ ጫማና የላስቲክ ካፖርት ለብሰው፣ የቆዳ ጫማቸውን በቦርሳ ይዘው ይሄዱና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀይረው ይገቡ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ተነስንሶባቸው ሲመለሱ ልጆቻቸው እስኪታጠቡ ድረስ አያቅፏቸውም። ተማሪዎቻቸው የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ስለሚያውቁት መምህሩ ዳገቱን ሳይጨርሱ ክፍሉ ጸጥ ይል እንደነበር ዛሬ ከመካከላችን የቆሙት ይመሰክራሉ። የቤንዚን ኩፖን ባነሰ ጊዜ ከመናኸሪያው የጭነት መኪና ላይ እየተንጠለጠሉ ሄደዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ማታ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ማዕድ ላይ መቀመጣቸውን ሲያነሱ እግዚአብሔርን ሳያመሰግኑ አያልፉም ነበር።

በዚህ መንገድ አጋማሽ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የእናቴ የወይዘሮ ገነቴ ቤት አለ። እናቴ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ሁላችሁም እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ አማትና አማች ተፈራርተው የሚኖሩ ናቸው፤ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ በአንድ ወንበር አይቀመጡም፣ እጅ ለእጅ አይነካኩም፤ ድሮ በፈረስ የሚሄድ ሰው በአማቱ ደጅ ሲያልፍ ከፈረሱ ወርዶ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ያልፍ ነበር። ታዲያ የሞተር ብስክሌት ሕግ አልወጣምና መምህር ጴጥሮስ የፈረሱን ሕግ ለሞተሩ አደረጉት። ከእናቴ አጥር ጫፍ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ እየገፉ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ያልፋሉ፣ ከአጥሩ ማዶ እንደገና ያስነሳሉ። ቦታው ዳገት ነው፤ በዝናብ ጊዜ ጭቃው ጎማውን ይይዘዋል፤ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ረጥቦ ሞተሩ አልነሣም ያለ ዕለት ደግሞ መርገጫውን እየረገጡ ላብ ሲያጠምቃቸው ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። እናቴም በበኩላቸው ድምፁ ሲቋረጥ ሰምተው ጓዳ ይገባሉ። ሁለቱ እንዲህ ሲከባበሩ ዓመታት አለፉ እንጂ አንዱ የሌላውን ፊት አጥርቶ አይቶ አያውቅም ነበር።

ይህ ነገር ሟችን በሥራቸው ላይ ሳይጎዳቸው አልቀረም። ማለዳ ሞተሩ አልነሣም ሲላቸው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸው ነበርና የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ወንዳፈረው ጠርተው ጠየቋቸው። አቶ ወንዳፈረው ከሰሜን የመጡ፣ በሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱን ሲሰሙ ግን፣ የእኔ አማት ጎንደር በመሆናቸው እግዚአብሔር ይመስገን ብለው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጡላቸው። ሟች ይህን ውለታ እስከ መጨረሻው ሲያወሱት ኖረዋል፤ አቶ ወንዳፈረውም እነሆ ዛሬ እዚህ ቆመዋል፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናቸዋል።

አሁን የምናገረውን ብዙዎቻችሁ በወሬ ሰምታችሁት ይሆናል፤ እኔ ግን በመሐሉ ስለነበርኩ እንዳለ ልንገራችሁ። በ1975 ዓ.ም. በሰኔ፣ በፈተና ሰሞን፣ እናቴ ሆዳቸውን በብርቱ ታመሙ። ሕመሙ ሲጀምራቸው ያልፋል ብለን በቤት መድኃኒት ዝም አልን፤ በማግስቱ ግን ሆዳቸው እንደ እንጨት ደርቆ መናገርም ከበዳቸው። ድልድዩን ጎርፍ ሰብሮት ስለነበር መኪና ወደ እኛ አይመጣም፤ በቃሬዛ ተሸክመን እንዳንሄድ መንገዱ ሩቅ ነው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረው ሳለ መምህር ጴጥሮስ ለፈተና ወደ አንጋጫ ሲሄዱ እንደ ወትሮው ከአጥራችን ጫፍ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ሞተሩን ባያጠፉት ኖሮ ልቅሶውን ሳይሰሙ ያልፉ ነበር።

ሰሙ፣ ሞተሩን አጥሩ ላይ አስደገፉ፣ ግን ወደ ግቢው አልገቡም። ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ቆመው ሁኔታውን እኔን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ፣ ሞተሩ ድልድዩ ላይ በቀረው እንጨት ያልፋል፣ በቶሎ አምጧቸው አሉኝ። እናቴ ይህን ሲነገራቸው ዓይናቸውን ገልጠው፣ የአማቼን ወገብ አቅፌ ሰው እያየኝ ከተማ ከምገባ እዚሁ ልሙት ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እህቶቻቸው ለመኗቸው፣ እኔም እግራቸውን ይዤ ለመንኩ፣ አልሰሙም። የእናቴን ግትርነት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ተቀምጠው እየሰሙኝ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጨምርም።

በዚህ መካከል የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ አቶ ሳህሉ ተጠርተው መጡ። ጸሎት ቤቱ በዚያን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ስለነበር እሳቸውም ያለ ወንበር የቀሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለምን እንደተዘጋ እዚህ መናገር አያስፈልግም። አቶ ሳህሉ ነገሩን ሰምተው፣ ልማዱ የሚለው በአማትና በአማች መካከል መጋረጃ ይኑር ነው እንጂ አማት ትሙት አይልም፣ ስለዚህ መጋረጃ እንፈልግ አሉ፤ ዞር ዞር ብለው አይተውም ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። እንግዲህ መጋረጃው እኔ ሆንኩ። መምህር ጴጥሮስ ከፊት፣ እኔ ከመሐል፣ እናቴ ከእኔ ኋላ ጋቢ ተከናንበው፣ በነጠላ ከወገቤ ጋር ታስረው በዚያች አሮጌ ሞተር ላይ ሦስት ሆነን ተቀመጥን። እናቴ በሕመማቸው መሐል አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ያ መስታወት ያሳየኛል አሉ። ሞተሩ ስፖኪዮ የሚሉት የኋላ ማያ መስታወት ነበረው። መምህር ጴጥሮስ መስታወቱን ይዘው ወደ መሬት አዞሩት፤ ከኋላ የሚመጣውን አንተ እያየህ ንገረኝ ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝና ተንቀሳቀስን።

ሲነዱ እንቁላል የጫኑ ይመስሉ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እኔ ነጠላውን ፈትቼ ወረድኩ፤ መምህር ጴጥሮስም ወረዱና እናቴን ከላይ እንዳስቀመጥናቸው መሪውን ይዘው በቀሩት ሁለት እንጨቶች ላይ እየገፉ አሳለፏቸው፤ እኔ ከጎን እናቴን ደግፌ ከታች የሚጋልበውን ውሃ እያየሁ ስሄድ እሳቸው ግን አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ከምንቀሳቀስበት ድምፅ ብቻ እየተረዱ ቀስ፣ ቀስ እያሉ መሩን። ሆሳዕና ስንገባ ሕዝቡ ቆሞ አየን፤ ያልሳቀ አልነበረም። እህቴ በምትሠራበት ሕክምና ቤት በር ላይ ተቀብላ አስገባቻቸው፤ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ ነበርና ወዲያው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ በኋላ እንደነገሩን፣ እስከ ከሰዓት ብንቆይ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር። መምህር ጴጥሮስ እናቴ ከቀዶ ሕክምናው በሕይወት መውጣታቸውን እስኪሰሙ ውጭ ዝናብ ላይ ቆመው ከቆዩ በኋላ ለፈተናው አንጋጫ ሄዱ፤ አቶ ወንዳፈረውንም ፈተናውን ራሳቸው ሲቆጣጠሩላቸው አገኟቸው። የነበራቸውን ቤንዚን ሁሉ ስለጨረሱ ያን ሳምንት እስከ ተሰበረው ድልድይ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው ሲመላለሱ አንድም ቀን አላማረሩም።

እናቴ ድነው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በእህቴ በኩል መልእክት ላኩባቸው፤ ከእንግዲህ በደጄ ላይ እንዳይወርድ፣ ወርዶ ቢገፋ አዝንበታለሁ የሚል ነበር። መምህር ጴጥሮስን ለጥቂት ቀን ቸገራቸውና በመጨረሻ እሺ አሉ። በማግስቱ ሳይወርዱ ሲያልፉ እናቴ ጓዳ አልገቡም፤ ደጃፍ ላይ ቆመው እጃቸውን አነሡላቸው፣ እሳቸውም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ሰላምታ ማለዳና ከሰዓት ቀርታ አታውቅም፤ መንደርተኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቆይቶ ለመደው፣ ኋላም ሌሎች አማቶች ደጃፋቸው ላይ መቆም ጀመሩ።

መምህር ጴጥሮስ ሂሩትን፣ ማቴዎስንና ብርቅዬን ወልደው በእግዚአብሔር ፍርሃት አሳድገዋል፤ ለቁጥር የሚያስቸግሩ የሰው ልጆችንም ሒሳብ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በ1979 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጀመራቸው። ለዘመናት የለመኑት ወደ ሆሳዕና የመዛወር ፈቃድ የደረሰላቸው ሞተር ላይ መቀመጥ ካቃታቸው በኋላ ነበር፤ እሳቸው ግን መንገዱን በሚገባ እንደጠገቡት ተናግረው ሳቁ። ሕመሙ እየጸናባቸው ሲሄድ እህቴ ሥራ ላይ ስትውል እናቴ ከመንደራቸው ተነሥተው መጡና አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡ። እኚያ የአማቻቸውን ፊት ማየት ነውር ነው ብለው ለመሞት የተዘጋጁ ሴት፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የሟችን ፊት በገዛ እጃቸው ያጥቡላቸው፣ አጥሚቱን በማንኪያ ያጎርሷቸው ነበር። ሟችም እምቢ አላሉም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ፣ በጥር 1981 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከመምህር ጴጥሮስ ባፈና ተለይተው የቀሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጵርስቅላ፣ ልጆቻቸው ሂሩት፣ ማቴዎስና ብርቅዬ፣ እንዲሁም እናታቸው ወይዘሮ ገነቴ ናቸው። ይህን ስቼ አይደለም ያነበብኩት። የወለዷቸው እናት ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀድመዋቸው እንዳረፉ አውቃለሁ፤ እኔም አማታቸው ብዬ ነበር የጻፍኩት። ትናንት ለቤተሰቡ ሳነብ ግን እናቴ አስቆሙኝ፤ በአማችነት ያከበርኩት በጤናው ነው፣ ያቀፍኩት ግን ልጄ ሆኖ ነው፣ በልጅነቱ ቅበረው አሉኝ። እኔም እንደታዘዝኩት አነበብኩ። ያሳደገን፣ ያመላለሰን፣ የሰጠንን ያህል ዘመን የሰጠን እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፤ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን፣ እናታቸውንም ያጽናናልን። አሜን።