የአና ገመድና የባሌ ሐረግ

ባሌ ካረፈ ወዲህ ማንኪራ ጫካ ያለው፣ ቀፎውን የሰቀለበት ዛፍ ላይ ማንም ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው እሁድ ግን ተከራዬ አና ልውጣበት ብላ ለመነችኝ። አና ከጀርመን መጥታ ቦንጋ የምታስተምር ልጅ ናት፤ በእረፍቷ ቀን ስፖርቷ ገደልና ዛፍ መውጣት ነው። እሺ ማለት ከበደኝ፤ በኋላ ግን ይዣት ሄድኩ።

የባሌ የቀፎ ጎረቤት ጋሽ አድማሱ ረጅም ገመዷንና የራስ ቆቧን አይተው፣ "ማሩን ለማን ልትቆርጥ ነው?" አሉ።

"ማር አትቆርጥም፤ ለደስታዋ ነው የምትወጣው" አልኳቸው።

"ለደስታው ዛፍ ላይ የሚውልስ ጉሬዛ ነው" ብለው ሳቁ።

አና ቀፎው ጋ ደርሳ ሽቅብ ስታይ ቆየችና ወረደች። "እትዬ አስቴር፣ ከቀፎው በላይ፣ በጣም ከላይ፣ ሐረግ ታስሯል። እኔ ፈራሁ፣ አልደረስኩም። እዚያ ሌላ ቀፎ አለ?"

"የለም፤ ከቀፎው በላይ የሚያስወጣው ሥራ አልነበረም" አልኳት። ባሌ ወገቡን ከግንዱ ጋር በሐረግ አስሮ ነበር የሚወጣው፤ ሌላ ገመድ አያውቅም።

ጋሽ አድማሱ ሳቃቸውን ተዉ። "ለካ እዚያ ነበር የሚቆየው። እኛ እኮ ሲዘገይ ማሩን ብቻውን እየበላ ነው ብለን ስናማው ነበር።"

ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ይህን አልነገረኝም። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ኮራሁ። አና፣ "ባልሽ ትልቅ ስፖርተኛ ነበር" ስትለኝ፣ ጋሽ አድማሱም እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አዎ፣ ስፖርተኛ ነበር" አልኩ።